የአባዬን ድምፅ ያጠፋሁት መሰለኝ

የአንባቢ ደብዳቤ

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከብቸና ነው። ዕድሜዬ 28 ነው፤ አስተማሪ ነኝ። አባዬ የቅኔ መምህር ነበሩ። ካረፉ አሥር ወራቸው ነው። ሙት ዓመታቸው ሁለት ወር ቀርቶታል።

እናቴን ለዕለቱ ምን ይዘጋጅ ብላት አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ። «የየኔታን ድምፅ አንዴ አሰሚኝ» አለችኝ። በስልኬ የቀረጽኳቸው ወደ ሦስት ሰዓት የሚሆን ቪዲዮ ላፕቶፔ ላይ አለ። እናቴ ዓይኗ ስለደከመ በስልክ ማየት አትችልም። ቤቷ ውስጥ ግን ቴሌቪዥንና የዲቪዲ ዴክ አላት። ስለዚህ ዲቪዲ ላይ ላድርግላት ብዬ አምስት ዲስክ ገዛሁ። ሻጩ «እንደገና የሚጻፍበት ይሻልሻል፤ ብትሳሳቺ አጥፍተሽ ትደግሚዋለሽ» ስላለኝ አር ደብልዩ የሚለውን ወሰድኩ።

የመጀመሪያው ዘጠና ምናምን በመቶ ላይ ሲደርስ ኤረር ብሎ ቆመ። በነጠላዬ ጫፍ ጠራርጌ ደገምኩት፤ ያው ሆነ። ሁለተኛው እስከ መጨረሻው ሄደ። ላፕቶፔ ላይ ይከፈታል። እናቴ ዴክ ውስጥ ስከተው ግን «ኖ ዲስክ» ይላል። ሦስተኛውን አጥፍቼ ልደግም ስል መብራት ሄደ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ አብሮ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ላፕቶፑ ያን ዲስክ አያነበውም።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ይህ አይደለም። ከአባዬ ሳጥን ውስጥ፣ ከመጻሕፍቱ መካከል አንድ ዲስክ አገኘሁ። የአጎቴ ልጅ በ2004 ዓ.ም. ከዛፉ ሥር ተማሪዎቻቸውን ቅኔ ሲያስቆጥሩ በትንሽ ካሜራ ቀርጾ የሰጣቸው ነው። ያኔ ገና ጉልበት ነበራቸው። ዲስኩን ላፕቶፑ ውስጥ ከተትኩት። ለረጅም ጊዜ ሲሽከረከር ቆየና «ፎርማት ይደረግ?» የሚል ጥያቄ አመጣ። ጀበናውን አውርጄ ቡናው እስኪሰክን እየጠበቅሁ ነበር። ሳላስተውል እሺ አልኩት። አቦሉን ሳልቀዳ ጨረሰ። ስከፍተው ባዶ ነው።

ለማንም አልተናገርኩም። እናቴ ያ ዲስክ እንዳለ ታውቃለች። አዲስ አበባ ያለው ታላቅ ወንድሜ በየቀኑ እየደወለ «ምን አደረስሽው?» ይለኛል። «ዲስክ ድሮ ቀረ፣ ሁሉንም ጣይው» ብሎም ያናድደኛል። ለእናቴ ልንገራት ወይስ ዝም ልበል? ድምፃቸው ይመለሳል? ለሙት ዓመቱስ እንዴት ልድረስ?

ሰላም ያጣሁት ነኝ፣ ከብቸና»

መልስ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው አዘንኩ። ሁለተኛ ሳነበው አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ቆምኩ። «አቦሉን ሳልቀዳ ጨረሰ» ብለሻል። ወደ እሷ እመለሳለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጊልኝ።

ያ የሳጥኑ ዲስክ አሁን የት ነው ያለው? ላፕቶፑ ውስጥ ከሆነ አውጪው። ምንም አትጻፊበት። እንደገና ፎርማት አታድርጊው። «ይሠራ እንደሆነ ልየው» ብለሽ አንዲት ፎቶ እንኳ አትጫኚበት። በማቀፊያው ከትተሽ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ አስቀምጪው። ማቀፊያው ላይ «አይነካም» ብለሽ ጻፊበት። ዲስኩ ላይ አይደለም፣ ማቀፊያው ላይ። ይህን ካደረግሽ ቀሪውን ረጋ ብለሽ አንብቢው።

አሁን ወደ አቦሉ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበት ዲስክ ውስጡ ቀለም ነው ያለው። የላፕቶፑ ዲስክ መጻፊያ ጨረር (ሌዘር) ቀለሙን ያቃጥለዋል፣ አለቀ። እንደገና የሚጻፍበት ዲስክ ግን ከብዙ ማዕድን የተቀየጠ ስስ ንጣፍ አለው። ሲጻፍበት ጨረሩ አንዲቷን ነጥብ ወደ 600 ዲግሪ ገደማ አግሎ ያቀልጣታል። ወዲያው ስትቀዘቅዝ ትደበዝዛለች። ሲጠፋ ደግሞ ወደ 200 ዲግሪ ገደማ ብቻ ያሞቃታል፤ ተመልሳ ታበራለች። አንድ ዲስክ ይህን ወደ 1000 ጊዜ ያህል እንዲችል ተደርጎ ነው የሚሠራው። እንግዲህ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ለማጥፋት ጨረሩ እያንዳንዷን ነጥብ መዳሰስ አለበት። በሁለት እጥፍ ፍጥነት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። በአራት እጥፍም ቢሆን ሩብ ሰዓት አካባቢ ነው።

የአንቺ ግን ቡናው ሰክኖ አቦሉ ሳይቀዳ አለቀ። ያ ደቂቃዎች ነው። ስለዚህ ላፕቶፕሽ ያደረገው ፈጣኑን ፎርማት ነው ማለት ነው። ፈጣኑ የሚነካው የዲስኩን መግቢያ ነው፤ የትኛው ፋይል የት እንዳለ የተመዘገበበትን ቦታ። ማውጫው ተቀደደ እንጂ ገጾቹ አብዛኞቹ ቦታቸው ላይ ናቸው። ሌላ ነገር ካልተጻፈባቸው ማለቴ ነው። «አትንኪው» ብዬ የጀመርኩት ለዚህ ነው።

ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባልሽም። አንድ ነገር ግን እዪልኝ። ዲስኩ ላይ አር ደብልዩ ከሚሉት ፊደላት በፊት የመደመር ምልክት አለ ወይስ የመቀነስ? ሁለቱ የተለያዩ ዓይነቶች ናቸው። ባለ መቀነሱ በፈረንጆቹ 1999 የወጣ ነው፤ ባለ መደመሩ በ2001። ባለ መደመሩ በፈጣን ፎርማት መግቢያው ቢጠፋም አብዛኛውን ጊዜ ድራይቩ፣ ማለትም ዲስኩን የሚያነበውና የሚጽፈው የኮምፒውተሩ ክፍል፣ ቀሪውን ማንበብ ይችላል። ባለ መቀነሱ ላይ ድራይቩ «ይህ ባዶ ነው» ብሎ ሊያኮርፍ ይችላል፤ የበለጠ ይቸግራል። በሁለቱም ቢሆን ሥራው ለባለሙያ ነው። እንደ አይሶበስተር ያሉ የተሰወረ ፋይል የሚፈልጉ ፕሮግራሞች አሉ፤ ግን በደከመ ድራይቭ አትሞክሪው። ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ የጠፋ ፋይል የሚያወጣ ሰው ጋ ይሂድ። ስትሰጪው አንድ ነገር አስረግጠሽ ንገሪው። «ምንም ሳትጽፍበት መጀመሪያ ሙሉ ቅጂውን አውጣ፤ ፍለጋውን ቅጂው ላይ አድርግ» በይው። በዚህ የማይስማማ ከሆነ ዲስክሽን ይዘሽ ውጪ።

ሌላም ልብ ያልኩት አለ። ዲስኩ ጤነኛ፣ ድራይቩም ጤነኛ ቢሆኑ ኖሮ ላፕቶፑ ያን ጥያቄ ባላቀረበልሽ ነበር። ፎርማት ይደረግ ብሎ የሚጠይቀው ማንበብ ሲያቅተው ነው። «ለረጅም ጊዜ ሲሽከረከር ቆየ» ያልሽው ይህን ነው። ዲስኩ ከአሥር ዓመት በላይ ሳጥን ውስጥ ኖሯል። ወይ እሱ ታሟል፣ ወይ የላፕቶፕሽ ድራይቭ ዓይን ፈዟል። እሺ ያልሽው አንቺ ነሽ፤ እሱን አልደብቅሽም። ችግሩ ግን ጣትሽ ከመንካቱ በፊት ነው የጀመረው። ሌሊት ሌሊት ራስሽን ስትከሺ ይህንንም አስቢው።

አሁን ወደ እናትሽ እንምጣ። ለእኔ የደብዳቤሽ ከባዱ ቦታ እዚህ ነው።

ልጠይቅሽ። የምትፈሪው ቁጣቸውን ነው ወይስ ሐዘናቸውን? ደብዳቤሽን ሳየው ሐዘናቸውን ይመስለኛል። «ባላቸውን አንዴ ቀበሩ፤ ድምፁን ደግሞ በእኔ እጅ ሊቀብሩ ነው» ብለሽ ሳትፈሪ አልቀረሽም። የዚህ ፍርሃት ምንጩ ፍቅር ነው። አከብረዋለሁ።

እኔም በልጅነቴ የአያቴ እንጉርጉሮ ያለበት አንድ ካሴት በእጄ ተበላሽቶብኝ ያውቃል። ለአክስቴ ሳልነግራት ሁለት ዓመት ቆየሁ። በመጨረሻ ስነግራት ምንም አልተቆጣችኝም። «ምነው ያኔ ብትነግሪኝ፤ ጎረቤታችን አንድ ቅጂ ነበራት እኮ» ብቻ አለችኝ። ሄደን ስንጠይቅ ጎረቤታችን በካሴቱ ላይ ሌላ ዘፈን ቀድታበታለች። ያ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የሚቆጨኝ ማበላሸቴ አይደለም። ዝም ማለቴ ነው።

ስለዚህ ንገሪያቸው እልሻለሁ። ለሕሊናሽ እረፍት ብቻ ብዬ አይደለም። ድምፁን ለመፈለግ እናትሽ ያስፈልጉሻል። ያን ቀን ከዛፉ ሥር ማን ማን እንደነበረ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። የትኛው ተማሪ አሁን የት ደብር እንደሚያገለግል፣ የትኛው መምህር ሆኖ ወንበር እንደዘረጋ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። የአጎትሽ ልጅ ቀረጻውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ እንደሆነ የሚያስታውሱት እሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ዝም ካልሽ እነዚህን ሁሉ በሮች ማንኳኳት አትችዪም።

የቅኔ ተማሪ ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፤ የሰማውን በቃሉ የሚይዝ ነው። ከዋሸራም ይሁን ከጎንጅ፣ ከደብረ ኤልያስም ይሁን ከዲማ፣ የጎጃም ቅኔ ቤት የኖረው በቃል ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ያላት አጭር ቅኔ ናት። ያን ዓመት አባትሽ ከዛፉ ሥር የተቀኟትን አንዲት ጉባኤ ቃና ዛሬም በቃሉ የሚላት ተማሪ ሊኖር ይችላል። ለሙት ዓመቱ የሚመጡት እነዚያው ተማሪዎች አይደሉም? በራሱ ድምፅ ይበልልሽ፤ በስልክሽ ቅጂው። ይህ የሳጥኑን ዲስክ አይተካም። ለእናትሽ ግን ቀላል ነገር አይሆንም።

እንዴት ትነግሪያቸዋለሽ? በስልክ አይሁን። ወንድምሽ ባለበትም አይሁን፤ የእሱ ቁጣ የእናትሽን ሐዘን ይሸፍነዋል። እንግዳ በሌለበት፣ ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ፣ ምናልባት ቡና ላይ። አታርዝሚው። «እማዬ፣ ከአባዬ ሳጥን ያገኘሁት ዲስክ በእጄ ተበላሽቶብኛል። ኮምፒውተሩ አላነብ አለ፤ እኔም ሳላስተውል አጠፋሁት። ሊመለስ ይችል ይሆናል፤ ለሚያውቅ ሰው ልሰጠው ነው። የቀረጸውንም ልጅ ልደውልለት ነው። አንቺ ያን ቀን ማን ማን እንደነበረ አስታውሺኝ» በያቸው። ከዚያ ዝም በይ። ካለቀሱ ያልቅሱ፤ አብረሻቸው አልቅሺ። ይቅርታውን ወዲያው አትጠብቂ። ስም መጥራት ሲጀምሩ ግን እስክሪብቶና ወረቀት አጠገብሽ ይሁን።

ለአጎትሽ ልጅ ግን ዛሬውኑ ደውዪ። «ያን ቀን የቀረጽክበት ካሜራ ሚሞሪ አለህ? የድሮ ኮምፒውተርህ ሀርድ ዲስክ የት ነው? ለሌላ ሰው ኮፒ ሰጥተህ ነበር?» ብለሽ ሦስቱንም ለይተሽ ጠይቂው። ሰው «የለኝም» ብሎ ቶሎ ይመልሳል፤ ቁም ሣጥን ላይ የተቀመጠውን አሮጌ ኮምፒውተር የሚያስታውሰው ለይተሽ ስትጠይቂው ነው።

ወንድምሽን በተመለከተ፣ «ዲስክ ድሮ ቀረ» ማለቱ ግማሽ እውነት አለው። አር ደብልዩ የማኖሪያ ዕቃ አይደለም፤ የማመላለሻ ዕቃ ነው። ዕድሜ ልክ የሚቀመጥ ነገር አይጣልበትም። ለእናትሽ ግን ያላቸው ዴክ ነው፤ የሚሰሙትም በዚያ ነው። ከወንድምሽ ጋር አትከራከሪ። ሥራ ስጪው። አዲስ አበባ ፋይል የሚያወጣ ሰው አጠያይቆ ይፈልግ፤ ወጪውንም ይቻል። ዲስኩን የምትልኪለት ከሆነ በሰው እጅ ይሁን። መኪናው መስታወት ሥር ወይም አናት ላይ አይጫን። ደጀን ብርድ ነው፣ ዓባይ በረሃ ደግሞ እንደምታውቂው ነው፤ ያን ሁሉ ሙቀትና ቅዝቃዜ በአንድ ጉዞ ማየት የለበትም። በቦርሳ መሐል፣ በልብስ ተጠቅልሎ ይሂድ። ሲደርስም ወዲያው ኮምፒውተር ውስጥ አይግባ፤ አንድ ሁለት ሰዓት ቤቱን ይልመድ።

እንግዲህ አምስቱ ዲስኮች ቀሩን።

እናትሽ ዴክ «ኖ ዲስክ» ያለው ሁለተኛው ዲስክ የተበላሸ አይመስለኝም። ስትጽፊበት ዊንዶውስ አንድ ጥያቄ ጠይቆሽ ነበር፤ እንደ ፍላሽ ልጠቀምበት ወይስ ለሲዲና ዲቪዲ ማጫወቻ ላዘጋጀው ብሎ። እንደ ፍላሽ የሚለውን መርጠሽ ከሆነ ላፕቶፕ ይከፍተዋል፣ ዴክ ግን አያውቀውም። ማጫወቻ የሚለውን መርጠሽም የስልክ ቪዲዮውን እንዳለ ከገለበጥሽው ብዙ ዴኮች አያጫውቱትም። ወደ ዲቪዲ ቪዲዮ መቀየር አለበት። ዲቪዲስታይለር የሚባል በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ይህን ይሠራል። ፓል የሚለውን ምረጪ፤ የእኛ አገር ቴሌቪዥን ሲስተም እሱ ነው። ሦስት ሰዓቱንም አንድ ዲስክ ላይ አታጨናንቂው። ጥራቱ ሳይወርድ አንድ ዲስክ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው የሚይዘው። ለሁለት ክፈይው።

ይህን ሁሉ አድርገሽም ዴኩ እምቢ ሊል ይችላል። ምክንያቱ ብርሃን ነው። ተራው ዲቪዲ ጨረር ሲያርፍበት 45 በመቶና ከዚያ በላይ የሚሆነውን መልሶ ያንጸባርቃል። እንደገና የሚጻፍበት ግን ከ18 እስከ 30 በመቶ ብቻ ነው። የቆየ ዴክ ይህችን ደካማ ብርሃን ሲያይ ዲስክ የገባበትም አይመስለው። ስለዚህ ለእናትሽ የምትሰጪውን አንድ ጊዜ ብቻ በሚጻፍበት ዲስክ አድርጊው። ሻጩ ክፉ አላሰበም፤ ለልምምድ ከሆነ ምክሩ ልክ ነው። ለእናትሽ ዴክ ግን አይሆንም።

እግረ መንገድሽን ዴኩን ከፊት ለፊት እዪው። የፍላሽ ቀዳዳ አለው? ካለው ነገሩ ሁሉ ሊቀልልሽ ይችላል። አንድ አጭር ቪዲዮ ፍላሽ ላይ አድርገሽ ሞክሪ። ከከፈተው ቀሪውንም እንዲያው። እኔ ግን ዲስኩም ይኑር እላለሁ፤ ለእናትሽ ዲስክ ከትቶ መጫን የለመዱት ነገር ነው።

የመጀመሪያው ዲስክ ዘጠና በመቶ ላይ መቆሙ ብዙ ይናገራል። ዲስክ ከውስጥ ወደ ዳር ነው የሚጻፈው። ዘጠና በመቶ ማለት ዳር ደርሷል ማለት ነው፤ ጣት የሚያርፈውም ጭረት የሚበዛውም እዚያ ነው። ስንት ጊጋ ነበር የጫንሽበት? ማቀፊያው 4.7 ጊጋ ይላል፤ ዊንዶውስ ግን በራሱ አቆጣጠር 4.38 ብሎ ነው የሚያሳየው። እስከ አፉ አትሙዪው፤ 4 ጊጋ ላይ አቁሚ። ፍጥነቱንም ዝቅ አድርጊ። ፕሮግራሙ ከሚሰጥሽ ምርጫ ዝቅተኛውን ውሰጂ። ይረዝማል፣ ግን ይጸናል። ቪዲዮውን ከፍላሽ በቀጥታ አትጻፊ፤ መጀመሪያ ሀርድ ዲስኩ ላይ ገልብጪው። ሌላ የተከፈተ ፕሮግራም ዝጊ።

ነጠላውን ደግሞ ተዪው፣ እህቴ። የነጠላ ጫፍ አቧራ ይይዛል። ዙሪያውን እያዞሩ ማሸትም ጭረቱን በጽሑፉ መስመር ላይ ያሰምረዋል፤ እንደዚያ ያለውን ጭረት ድራይቩ ማረም ይከብደዋል። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ለብ ባለ ውኃ በጥቂቱ አርጥቢና ከመሐል ወደ ዳር፣ ቀጥ አድርገሽ ጥረጊ። ሲደርቅ ነው የሚገባው።

ሦስተኛው፣ መብራት የሄደበት፣ መሐል መንገድ ላይ የቀረ ነው። ግማሹ ጠፍቷል፣ ግማሹ አልጠፋም፤ ላፕቶፑ ምን እንደሆነ አላወቀውም። ኔሮ ወይም ኢምግበርን በሚባሉት ዲስክ መጻፊያ ፕሮግራሞች ሙሉ ማጥፋት የሚለውን መርጠሽ፣ በሌላ ሰው ኮምፒውተር ሞክሪው። ፈጣኑ አይበቃውም። ሁለት ጊዜ ሞክረሽ እምቢ ካለ ይጣል፤ አትልፊበት። የሳጥኑን ዲስክ ግን ከእነዚህ ጋር አንድ ቦታ እንዳታስቀምጪ አደራ። ሙሉ ማጥፋት እሱ ላይ ከደረሰ መመለሻ የለውም።

አሁን የሚቀረው ጥርጣሬ ድራይቩ ነው። የድሮውን ዲስክ ማንበብ አቃተው፣ አዲሱን መጨረስ አቃተው። ሁለቱንም ያደረገው አንድ ድራይቭ ነው። ለማወቅ ቀላል ነው። አንድ አዲስ ዲስክ በትምህርት ቤታችሁ ኮምፒውተር ወይም በጓደኛሽ ላፕቶፕ ጻፊበት። እዚያ ካለቀ ጥፋቱ የአንቺ ድራይቭ ነው፤ ዓይኑ አቧራ ይዞታል ወይም ደክሟል። እዚያም ካቆመ ዲስኮቹ ናቸው፤ ሌላ ዓይነት ግዢ። በዩኤስቢ የሚሰካ ድራይቭ ከተዋስሽ ደግሞ ጉልበት እንዳያንሰው ተጠንቀቂ። አንዳንዱ ገመድ ሁለት ራስ አለው፤ ሁለቱንም ሰኪ። ባትሪው በሞተ ላፕቶፕ ግን ከእንግዲህ አትጻፊ። ባትሪው የሚሠራ ላፕቶፕ ፈልጊ፤ መብራት ቢሄድ እንኳ ሥራው ይጨርሳል።

ተጽፎ ሲያልቅ ቬሪፋይ የሚለውን ምልክት አድርገሽ ፕሮግራሙ ራሱ ከዋናው ጋር እንዲያመሳክረው አድርጊ። ከዚያ አውጪና እናትሽ ዴክ ላይ ሞክሪው፤ መጀመሪያውን ብቻ አይደለም፣ መሐሉንም መጨረሻውንም። ይህን ከሙት ዓመቱ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድመሽ ጨርሺው። በዋዜማው ድግሱ ስለሚያዋክብሽ ለዲስክ ጊዜ አይኖርሽም።

ከሁሉም አስቀድመሽ ግን፣ ዛሬ ማታ፣ ላፕቶፑ ላይ ያለውን የሦስት ሰዓት ቪዲዮ ሁለት ቦታ ገልብጪ። አንዱን ፍላሽ ላይ፣ አንዱን ደግሞ ሰው ባገኘሽ ጊዜ ለወንድምሽ ሀርድ ዲስክ ላይ ላኪለት። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው አሁን የአባትሽ ድምፅ ያለው። ይህን ሳስብ እኔም አልተኛም።

ከእናትሽ ጋር ከተነጋገራችሁ በኋላ ጻፊልኝ። የአጎትሽ ልጅ ምን እንዳለሽም ንገሪኝ። የሳጥኑ ዲስክ ላይ ያለው ምልክት መደመር ይሁን መቀነስ እዪና አብረሽ ላኪልኝ።